አዲስ ፍሪሲዮን በአሮጌ ቤት

  

የጅማና የአካባቢዋ ሹፌሮች፣ መካኒኮች፣ ረዳቶች፣ ባለንብረቶችና ቡና አቅራቢዎች፣ ጥሪያችሁ ሲደርሰኝ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ስለ መኪና ጥገና ይንገሩን» የሚል ነበር። ስለ መኪና ጥገና ከዛሬ እስከ ጥምቀት ብናወራ አያልቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መርጬ መጥቻለሁ። ፍሪሲዮን ተቀየረ፣ ገንዘብ ወጣ፣ መኪናው ግን አልዳነም። ለምን?

ይህን የመረጥኩት በጋራዥ ደጅ ከማያቸው ጠቦች ብዙዎቹ ከዚህ ስለሚነሱ ነው። ባለንብረቱ «አዲስ ዕቃ ገዝቼ ሰጠሁህ፣ አበላሸኸው» ይላል። መካኒኩ «ያመጣኸው ዕቃ ፎርጅድ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሹፌሩ በመሃል ቆሞ ሁለቱንም ይሰማል፤ ጭነቱም ፀሐይ ላይ ነው። ከዚያ ምን ይደረጋል? ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። ሁለተኛ ዕቃ ይገዛል። አንዳንዴ መኪናው አሁንም አይድንም።

እኔ በዕድሜዬ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፤ ዛሬም ደጋግሜ እለዋለሁና አትሰልቹኝ። አዲሱ ፍሪሲዮን የሚገባው አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ቮላኖው አሮጌ ነው፣ ፓምፑ አሮጌ ነው፣ ቱቦው አሮጌ ነው፣ ሹካው አሮጌ ነው፣ ኦይል ሲሉ አሮጌ ነው። እንግዳው ከመወቀሱ በፊት ቤቱ ይታይ። ቤቱን ለማየት ደግሞ ብዙ ጊዜ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ፣ ይህ ነገር ለእኛ አገር ለምን እንደሚከብድ ልናገር።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ የወረደውን ያህል ይወጣል። የጊቤን ዳገት በሙሉ ጭነት ያወጣ ሹፌር ፍሪሲዮን ምን እንደሚሸከም ከእኔ መስማት አያስፈልገውም። ከጅማ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄዱትም መንገዶች እንዲሁ ናቸው፤ ወደ ዴዴሳ መውረድና መውጣት፣ ወደ ጎጀብ መውረድና መውጣት። ይህ ገና ዋናው መንገድ ነው። እሸት ቡና የሚጫነው ግን ከዋናው መንገድ ዳር አይደለም። ጌራ ውስጥ፣ ጎማ ውስጥ፣ ሊሙ ኮሳ ውስጥ፣ ማና ውስጥ ከጫካው ሥር ነው የሚጫነው። ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች። በዚያ ጭቃ አንድ አይሱዙ ወደፊት ሁለት ሜትር፣ ወደ ኋላ ሁለት ሜትር እያለ በግማሽ ፍሪሲዮን ሲታገል ሸራው በደቂቃዎች ውስጥ የብዙ ቀን ሥራ ያህል ያልቃል።

እሸት ደግሞ አይጠብቅም። የተለቀመ ቀይ ቡና በዚያው ቀን ማጠቢያ ጣቢያ ደርሶ መፈልፈል አለበት። ከጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፤ ጠዋት የሚፈለፈለው ሌላ ቡና ነው። ቡና ቀማሹ ያንን ሌሊት በአንድ ማንኪያ ያውቀዋል። ስለዚህ ከጨለማ በኋላ ወደ ጌራዋ ጭራ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ማርሽ አልገባ ያለው መኪና የሚያከስረው ባለመኪናውን ብቻ አይደለም። ለቃሚውን፣ ገበሬውን፣ አቅራቢውን ሁሉ ያከስራል። ለዚህ ነው የፍሪሲዮን ነገር እዚህ አዳራሽ ውስጥ መነገር ያለበት የምለው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ዕቃው ራሱ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ላስታውሳችሁ። መካኒኮቹ ታግሣችሁ ስሙኝ፤ ይህን የምለው ለባለንብረቶቹ ነው።

የምንጠቀምባቸው ቃላት ከየት እንደመጡ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ባሌስትራ፣ ሚኒሞ፣ ፎሌ። ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ጅማ በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ጣልያን ለደቡብ ምዕራብ ያቋቋመው ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈራችን ስምም የውጭ ሰዎች በዚህች ከተማ ምን ያህል እንደኖሩ ይናገራል። ወራሪው ሄደ፤ የመኪናው ቋንቋ በአባቶቻችን እጅ ቀረ። እነዚያ አባቶች መጽሐፍ ሳይኖራቸው በጆሮና በእጅ የተማሩ ናቸው። ፍሪሲዮን ማለት በጣልያንኛ ሰበቃ ማለት ነው። ይህን አንድ ቃል ከያዛችሁ ዛሬ የምናገረውን ግማሹን ይዛችኋል። ሰበቃ ሲያስፈልግ ሰበቃው ከጠፋ መኪናው ይሸራተታል፤ ሰበቃው መላቀቅ ሲገባው ካልተላቀቀ ማርሽ አይገባም። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ቮላኖው ከሞተሩ ጋር ይዞራል። ሸራ የለበሰው ዲስክ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር ይዞራል። ፕሬዠር ፕሌቱ በጠንካራ ስፕሪንግ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። እግራችሁን ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ ዘይት ከላይኛው ፓምፕ ወደ ታችኛው ፓምፕ ይገፋል፤ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው መልቀቂያውን ኩሽኔታ ይገፋል፤ ኩሽኔታው የስፕሪንጉን ጣቶች ይጫናል፤ ያን ጊዜ ዲስኩ ይለቀቃል። ከእግራችሁ እስከ ዲስኩ ድረስ ስድስት ሰባት ቦታ አለ። ፍሪሲዮን ተቀየረ ሲባል የተቀየረው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ዕቃዎች ናቸው። የቀሩት እንደነበሩ ናቸው።

የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያላችሁ ደግሞ ይህን በሌላ መንገድ ታውቁታላችሁ። የመፈልፈያው ማሽን ከበሮና በፊቱ ያለው ብረት መካከል ክፍተት አለ። ክፍተቱ ሲጠብ ፍሬው ይሰበራል፤ ሲሰፋ እሸቱ ሳይፈለፈል ያልፋል። አዲስ ከበሮ ገዝታችሁ ክፍተቱን ካላስተካከላችሁ አዲሱ ከበሮ ከአሮጌው የባሰ ሊሆን ይችላል። የፍሪሲዮን ፔዳልም እንደዚያው ነው። ፔዳሉ መሥራት ከመጀመሩ በፊት በባዶ የሚሄደው ትንሽ ቦታ አለ፤ በብዙ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው። ያ ባዶ ቦታ ከጠፋ ኩሽኔታው ዘወትር ስፕሪንጉን ይጫናል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸራተታል፣ ኩሽኔታውም ይቃጠላል። ከበዛ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ደርሶም ዲስኩ በሙሉ አይለቀቅም። አዲስ ሸራ ከአሮጌው ስለሚወፍር የስፕሪንጉ ጣቶች ቦታ ይለወጣል፤ ስለዚህ ለአሮጌው ተስተካክሎ የነበረው ክፍተት ለአዲሱ አይሆንም። ዕቃ ቀይሮ ፔዳል ሳይለካ መኪና የሚያስረክብ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መኪናው ከጋራዥ ወጣ፤ ማርሽ አልገባም አለ፣ ወይም እየጮኸ ይገባል። ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ፣ በቡና ወቅት፣ አንድ አይሱዙ ፍሪሲዮን ቀየርኩ። ሲነሳ አንደኛ ማርሽ ጮኸ። ወዲያው ዲስኩን ጠረጠርኩና ካምቢዮውን አወረድኩ። ዲስኩ ደህና ነው። መለስኩት። ያው ነው። ሌላ ዲስክ አስመጣሁ፤ እንደገና አወረድኩ፣ እንደገና መለስኩ። ያው ነው። ሁለት ቀን ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጥተው ከስር ገቡ፤ የታችኛውን ፓምፕ የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ዘይት ፈሰሰ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ አልቃ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ካምቢዮ ከማውረድህ በፊት ጎማውን ብትገልጥ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ሹፌሩ ሁለቱን ቀን ከመኪናው ሥር ሲያድር የነበረ ሰው ነው። ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ሳይለካ ካምቢዮ አይወርድም። እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ።

ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማውን በድንጋይ አግዱ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉ። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥና ይያዘው። ሌላው ከስር ሆኖ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ስንት ሚሊሜትር እንደተገፋ በማስመሪያ ይለካ። ቁጥሩ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ መጽሐፉ ከሌላችሁ ጋራዡ ውስጥ ደህና የሆነ አንድ ዓይነት መኪና ሲኖር ለኩትና ግድግዳው ላይ ጻፉት። ለአይሱዙው፣ ለሃይሉክሱ፣ ለሚኒባሱ። አንድ ጊዜ የተጻፈ ቁጥር ለብዙ ዓመት ይፈርዳል።

ዘንጉ የሚገባውን ያህል ካልተገፋ ችግሩ ውጭ ነው፤ ካምቢዮውን አትንኩ። በሙሉ ተገፍቶ ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ችግሩ ውስጥ ነው። ይህ አንድ ልኬት መንገዱን ለሁለት ይከፍልላችኋል። አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ውጭ ነው ከተባለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ነው። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ስትረግጡት እየጠነከረ ከመጣና ማርሽ መግባት ከጀመረ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። አየር ይታመቃል፤ ዘይት አይታመቅም። የእግራችሁ ጉልበት አየሩን በማመቅ ያልቃል። የታችኛውን ፓምፕ ፈትታችሁ ወደ ጎን ካደረጋችሁት፣ ቱቦውን ካላቀቃችሁት፣ አየር ማውጣት ግዴታ ነው። ሁለት ሰው ይሁኑ። የዘይቱ ዕቃ ሙሉ ይሁን። አንዱ ይርገጥና ይያዝ፤ ሌላው የአየር ማውጫዋን ቡሎን ይፍታ፣ አረፋው ይውጣ፣ መልሶ ያጥብቀው፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቡሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋ እስኪጠፋ ይደጋገም፤ በመሃል የላይኛው ዕቃ እንዳይጎድል።

ስለ ዘይቱ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በአብዛኞቹ መኪኖቻችን የፍሪሲዮን መስመር የሚሞላው የፍሬን ዘይት ነው፤ ክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። በእኛ አገር እርጥበት ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት ውኃ የጠጣ ዘይት ነው፤ ፓምፑን ከውስጥ ያዝገዋል። ከመኪና ያወጣችሁትን ዘይት መልሳችሁ አትጨምሩ። ዘይት ጠፋ ብላችሁም የሞተር ዘይት አትጨምሩ፤ ጎማዎቹ አብጠው ፓምፖቹ በሙሉ ይበላሻሉ።

አየር ወጥቶ በማግስቱ ፔዳሉ እንደገና ከለሰለሰ ፓምፑ ያፈሳል ማለት ነው። የታችኛውን ፓምፕ ጎማ ገልጣችሁ እዩ። የላይኛው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አያፈስም፤ በፔዳሉ በኩል ወደ ሹፌሩ ክፍል ያንጠባጥባል፣ ወይም በውስጡ ወደ ኋላ ይለቃል። የሹፌሩን ምንጣፍ አንሡና ዳስሱት። ፔዳሉን ረግጣችሁ ስትይዙት ቀስ እያለ ወደ ወለል የሚወርድ ከሆነና ውጭ ምንም ጠብታ ከሌለ የላይኛው ፓምፕ ውስጡ አልቋል። አዲስ ፍሪሲዮን ከገባ በኋላ እነዚህ ፓምፖች ለምን ይሞታሉ ትሉኛላችሁ። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ሲመላለስ የኖረ ጎማ ነው፤ አዲሱ ዕቃ ሲገባ ቀድሞ ወዳልደረሰበት፣ ወደ ዛገው ቦታ ይሄዳል፤ እዚያ ይቀደዳል።

በካቦ የሚሠሩት ትንንሾቹ መኪኖች ቀለል ይላሉ፤ ካቦው ተዘርግቶ ወይም ተሰንጥሮ እንደሆነ አይቶ፣ ክፍተቱን አስተካክሎ መጨረስ ነው። የባጃጅ ልጆች፣ የእናንተው ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ሌላ ዓይነት ፍሪሲዮን ነው፤ ስለ ካቦው ያልኩት ግን ለእናንተም ይሠራል።

ዘንጉ በሙሉ ተገፋ፣ ፍሪሲዮኑ ግን አልለቀቀም እንበል። አሁንም አትቸኩሉ። ሁለት ትንንሽ ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ በቀላሉ ከገቡ፣ ሲነሳ ብቻ ከጮኹ ጥፋቱ በእርግጥ የፍሪሲዮን ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ካልገቡ የማርሹን ዱላና ማያያዣዎቹን እዩ፤ ካምቢዮ ሲወርድ የተፈታ ነገር በቦታው አልተመለሰም ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፔዳሉን ረግጣችሁ አምስት ያህል ቁጠሩና የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከጮኸ ዲስኩ አሁንም ከቮላኖው ጋር እየዞረ ነው።

ያን ጊዜ ካምቢዮው ይውረድ። አውቃችሁ ነው የምታወርዱት፤ ምን እንደምትፈልጉም ታውቃላችሁ። ዲስኩ ተገልብጦ ገብቶ ይሆን? ብዙዎቹ ዲስኮች በየትኛው ፊት ወደ ቮላኖ እንደሚገቡ ተጽፎባቸዋል፤ ካልተጻፈ ደግሞ በአብዛኛው የስፕሪንጎቹ እብጠት ወደ ካምቢዮ በኩል ይሆናል። ካምቢዮው ሲገባ ክብደቱ በዲስኩ እምብርት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር? ያን ጊዜ ዲስኩ ይጎብጣል፤ በዓይን አይታይም፣ ግን አይለቅም። ይህ በእኛ ጋራዦች በጣም የተለመደ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ሰው በትከሻው ካምቢዮ የሚያስገባበት አገር ነውና። ዲስኩን መሃል የሚያስይዝ ዘንግ ከሌላችሁ ከተጣለ ካምቢዮ ውስጥ አሮጌ ዘንግ አውጡና አስቀምጡ፤ ከእሱ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። የፕሬዠር ፕሌቱ ቡሎኖች በአንድ ወገን ብቻ ጠብቀው ይሆን? ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። በቮላኖው መሃል ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ደርቃ ይሆን? እሷ ከደረቀች ፔዳሉ ቢረገጥም የካምቢዮው ዘንግ መዞሩን አያቆምም። እምብርቱ በዘንጉ ጥርስ ላይ በነፃነት ይንሸራተታል? ጥርሱን አጽዱ፣ ስስ ግራሶ ቀቡ፤ ስስ አልኩ፤ የበዛው ግራሶ በሽክርክሪቱ ተወርውሮ ሸራው ላይ ይደርሳል።

ዕቃው ራሱ የተሳሳተ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ አልክድም። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ይምጣ ከሌላ፣ በካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አትመኑ። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጡ። ስፋቱን ለኩ፣ ጥርሱን ቁጠሩ፣ ውፍረቱን አስተያዩ። ባለንብረቶች፣ አሮጌውን ዕቃ ሳትይዙ መለዋወጫ ሱቅ አትሂዱ።

ማርሽ ካለመግባት ሌላ ያለው በሽታ መሸራተት ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም፣ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። አዲስ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ቢሸት አትደንግጡ። መሸራተቱን ለማወቅ ጭነት ሳይኖር በቀስታ ፍጥነት ከፍ ያለ ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጅ ስጡ፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ እየተሸራተተ ነው። ይህንን ደጋግማችሁ አትሞክሩት፤ ፈተናው ራሱ ሸራ ይበላል። መጀመሪያ የፔዳሉን ባዶ ቦታ ለኩ። ባዶ ቦታ ከሌለ አግኝታችሁታል። ካለ ዘይትን ጠርጥሩ። ካምቢዮው ሲወርድ ሸራውን አሽትቱት፤ የካምቢዮ ዘይት እንደ ድኝ የሚከረፋ ሽታ አለው፣ የሞተር ዘይት ያ ሽታ የለውም። የካምቢዮ ዘይት ከሆነ የካምቢዮው የፊት ኦይል ሲል ነው፤ የሞተር ዘይት ከሆነ ከቮላኖው ኋላ ያለው የሞተሩ ኦይል ሲል ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ሲሞቅ የጠጣውን ይተፋዋል። እነዚህ ሁለት ኦይል ሲሎች ከፍሪሲዮኑ ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ካምቢዮ ከወረደ አይቀር ይቀየሩ። ባለንብረት ሆይ፣ መካኒኩ ኦይል ሲል ልቀይር ሲልህ «ሊበላኝ ነው» አትበል።

መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ መኪናው ሲነሳ እንደ ብርድ ሲንዘፈዘፍ፣ በመጀመሪያ ሞተሩን የሚይዙትን ጎማዎች እዩ፤ ተቀድደው ከሆነ እነሱ ናቸው። ደህና ከሆኑ ቮላኖው ነው። አሮጌው ፍሪሲዮን ሲያልቅ ቮላኖውን አቃጥሎታል፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ስንጥቅ፣ ጉድጓድ ትቶበታል። አዲስ ሸራ በተቃጠለ ፊት ላይ ተለጠፈ። ቮላኖ ቶርኖ ቤት ይሂድ። የፕሬዠር ፕሌቱ መቀመጫ ከሸራው ፊት ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ሁለቱም እኩል መላጨት እንዳለባቸው ለቶርኖ ባለሙያው ንገሩት። አንዱ ብቻ ከተላጨ አጣብቆ የሚይዘው ኃይል ይለወጣል፤ ከመንቀጥቀጥ ወደ ሌላ በሽታ ትሄዳላችሁ።

ድምፅን በጆሯችሁ ለዩት። ሞተሩ በፎሌ እየሠራ ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጀምር ጩኸት የመልቀቂያው ኩሽኔታ ነው። ሳይረገጥ የሚጮኽ፣ ሲረገጥ ዝም የሚል የካምቢዮው የራሱ ኩሽኔታ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ቢቀያይሩት አይጠፋም።

አሁን ለሹፌሮቹ። አዲስ ሸራ ከቮላኖው ጋር እስኪተዋወቅ ድረስ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ያህል አትጨክኑበት። አጋሮ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአምስት እስከ ስድስት ምልልስ መሆኑ ነው። በእነዚህ ቀናት ከባድ ጭነት ይዛችሁ ጌራ ዳገት ላይ አትታገሉ። ከዚያ በኋላም እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታሳርፉ፤ ኬላ ላይ ዳገት ስትቆሙ በግማሽ ፍሪሲዮን አትያዙት፣ የእጅ ፍሬን ያዙ።

ከመቀመጤ በፊት ለልጆቼ፣ ለረዳቶቹ። የፍሪሲዮን ቤት ሲከፈት ያን ጥቁር አቧራ በኮምፕሬሰር አታቡንኑት። አንዳንድ ሸራ እስከ ዛሬ አስቤስቶስ አለበት፤ የአስቤስቶስ አቧራ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፣ በሽታው ከብዙ ዓመታት በኋላ ይመጣል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ጣሉት። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥርም አትግቡ፤ መደገፊያ አድርጉ። ካምቢዮ ለሚያወርድ ጌታችሁ «መደገፊያ ይደረግልን» ማለት ድፍረት አይደለም። እናንተም ጌቶቻቸው፣ ልጆቹ ሲሉ ስሟቸው።

ጥቅምት ሊገባ ነው። እሸቱ ወደ ማጠቢያ መሄድ ሲጀምር ማንም ለምርመራ የሚሰጥ አንድ ሰዓት አይኖረውም። ከዚህ ደጅ ላይ ሦስት አይሱዙ ቆሞ አይቻለሁ፤ ማስመሪያና ጠመኔ ይዤ መጥቻለሁ። ባለቤቶቻቸው ከፈቀዳችሁልኝ አሁን አብረን እንውጣ፤ አንዳችሁ ፔዳሉን ይርገጥልኝ፣ እኔ ከስር እገባለሁ፣ ቁጥሩንም ግድግዳው ላይ እንጽፈዋለን።